የተቀመጠ ሰው ልክ

«አይ እህቴ፣ እኛ ጋ ያለው የቆመ ሰው ልክ ነው። ትልቁን ቁጥር ልስጣችሁና ከታች እጠፉት። ደግሞስ ማን ያየዋል፣ ተቀምጣችሁ አይደል የምትጫወቱት!»

ይህን ያለው የስፌት ቤቱ ባለቤት ነው። ያለው ደግሞ በስልክ፣ ለአሥር ተጫዋቾች ቱታ ላዘዘች የዊልቸር ቅርጫት ኳስ የሴቶች ቡድን አምበል ነው፤ ያውም በጠዋቱ፣ ሰው ቁርሱን ሳይቀምስ። የሰማችው ከግድግዳው ወዲህ የሻይ ብርጭቆዋን ይዛ የቆመችው ታናሽ እህቱ ናት። ግድግዳ ካሉት ነው እንግዲህ! ስፌት ቤቱ ምድር ቤት ነው፤ ባለቤቱ ከሚስቱና ከእህቱ ጋር የሚኖረው ከላይ ባሉት ክፍሎች ሲሆን፣ ክፍሎቹን የሚለያያቸው ስስ ኮምፔንሳቶ ነው። ሰውየው ሲያዛጋ ይሰማል፣ ሚስቱ ካልሲ ስትፈልግ ይሰማል፣ መሳቢያ ሲከፈት ይሰማል። በዚያ ቤት ምስጢር ማውራት ያማረው ሰው ወደ ታች ወርዶ በስፌት መኪኖቹ ጩኸት ውስጥ ነው የሚያወራው። ልጅቷ በዚያ ግድግዳ በኩል ብዙ ነገር ሰምታ እንዳልሰማች ሆና አልፋለች። የዛሬው ግን አንጀቷን አሳረረው። ማን ያየዋል! የገዛ ወንድሟ፣ የሰፋው ልብስ ሰው ላይ ሲያምር እንደ ሕፃን ደስ የሚለው ሰው፣ እንዲህ ብሎ ስልኩን ዘጋ፤ ዘግቶም ምንም እንዳልተፈጠረ ጫማውን መጥረግ ጀመረ።

ልጅቷን በስፌት ቤቱ ሁሉም «ቀመር» ይላታል። ስሙን ያወጡላት ቆራጩ አባ መቀስ ናቸው፤ በራሳቸው ቅጽል ስም የተማረሩ ሰው ስለሆኑ ለሌላው ሲያወጡ አይራሩም። ሥራዋ ፕሮግራም መጻፍ ነው። ትምህርቷን ጨርሳ ወንድሟ ቤት ስትገባ እሱ ያሰበው ፊት ለፊት ባለው ባንኮኒ ተቀምጣ ደንበኛ እንድታስተናግድለት ነበር። እሷ ግን መስኮቱ ሥር፣ በክር ካርቶኖቹና በሰፊው የወረቀት ማተሚያ መካከል ባለው ጥግ አንዲት ጠረጴዛ ይዛ የራሷን ነገር ስትሠራ ትውላለች። ወንድሟ ይህንን «ጨዋታሽ» ነው የሚለው። «ጨዋታሽን ዝጊና ምሳ ብዪ።» «በጨዋታሽ የፈጀሽውን መብራት አየሽው?» እንዲህ ነው። ትናንት ማታ ደግሞ እራት ላይ፣ ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሳ፣ የልብስ ቁልፍ ቀዳዳ የሚሠራ ማሽን መግዛቱን፣ ማሽኑም ነገ ጠዋት ሳይሆን በማግስቱ እንደሚመጣና ጥጉ እንደሚፈለግ ተናገረ። «አንቺ ወደ ባንኮኒው ትመጫለሽ፤ ኮምፒዩተሩን ካርቶን ውስጥ ማስቀመጥ ነው» አለ። ሦስቱም የማንኪያ ድምፅ እያዳመጡ እራታቸውን ጨረሱ። እና ዛሬ፣ ሻይዋ እጇ ላይ እየቀዘቀዘ ስታስበው፣ ጥጉ የሷ የሚሆነው ለዛሬ ብቻ ነው።

«ጨዋታው» ምን መሰላችሁ? የተዘጋጀ ልብስ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ እየተባለ ይቆረጣል፤ ሰው ነው እንግዲህ ለልብሱ የሚስማማው። ቀመር ደግሞ ልብሱ ለሰው ይስማማ ባይ ናት። እያንዳንዱን ልብስ በአንድ የመረጃ ፋይል አስቀመጠችው፤ ሱሪ፣ በሱሪው ሥር ወገብ፣ ጉልበት፣ ኪስ፣ ሁሉም በየስሙና በየቦታው ተደርድሮ። አንዳንዱ ስም አጠገብ ቁጥር አለ፤ ከሰውየው ገላ የተለካ። አንዳንዱ አጠገብ ግን ቁጥር ሳይሆን ስሌት ነው ያለው፦ ወገብ ለአራት ሲካፈል፣ ሁለት ሲደመርበት፤ እንዲህ ያለ ነገር። ስሌት የሆነው ሁሉ የሚጀምረው በእኩል ምልክት ነው። እሷ የጻፈቻት ትንሽ ፕሮግራም፣ የሙያው ሰዎች ላይብረሪ የሚሏት፣ መጽሐፍም መደርደሪያም የሌላት ላይብረሪ፣ ፋይሉ ውስጥ ትገባለች። የእኩል ምልክት ጋ ስትደርስ ቆም ትላለች፤ ስሌቱን ሠርታ ውጤቱን በቦታው ትተካለች። ስሌቱ የሌላ ስሌት ውጤት ከፈለገ መጀመሪያ ያንን ሄዳ ትጨርሳለች። ምልክት የሌለበትን ንክች አታደርግም። በቃ፣ ይኸው ነው ሥራዋ። ፋይሉ ሲሞላ ሰፊው ማተሚያ ልብሱን በወረቀት ላይ በልኩ ያሰምረዋል፤ አባ መቀስ ወረቀቱን ጨርቁ ላይ ዘርግተው ይቆርጣሉ። ቀመር ለቆሙ ሰዎች ደጋግማ ሞክራው ሠርቶላታል። ወንድሟ ግን «ይህንንማ እኔ በጠመኔ እሠራዋለሁ» ብሎ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

ብርጭቆዋን አስቀምጣ ደረጃውን ወረደች። ታች መኪኖቹ መጮህ ጀምረዋል። ከካውያው የሚወጣው እንፋሎት መስታወቱን አጉሞታል፣ ወለሉ ላይ የክር ቁርጥራጭ ተበትኗል፣ ሴቶቹ የክር ዋጋ እንደገና ጨመረ እያሉ ያማርራሉ። የወንድሟ ሚስት በመጀመሪያዋ መኪና ላይ ተቀምጣ ዚፕ ትሰፋለች። ወንድሟ ተከትሏት ወርዶ በሩ አጠገብ ካለው ሰፊ ጠረጴዛው ኋላ ሲቀመጥ ቀመር ፊቱ ቆመች።

«ጋሼ፣ መልሰህ ደውልላት።»

«ለማን?»

«ማን ያያችኋል ላልካት።»

መኪኖቹ አንድ በአንድ ጸጥ አሉ። የሰውየው ፊት ደም መሰለ። «ግድግዳ ስታዳምጪ ነው እንዴ የምትውዪው?» አላት።

«እኔ ግድግዳው ጋ አልሄድኩም፤ ግድግዳው ነው እኔ ጋ የሚመጣው» አለች። ከልብስ ሰፊዎቹ አንዷ ሳቋ አመለጣትና በእጇ አፈነችው። ቀመር ግን ለሳቅ ቦታ አልነበራትም። «አንድ ቱታ፣ ለሷ ብቻ፣ ዛሬ ልሥራ። ልኳ ባለፈው ሳምንት ተወስዷል። ከሆነልኝ ለአሥሩም እንሠራላቸዋለን፣ ጥጉም የኔ ነው። ካልሆነልኝ ጠረጴዛዬን ራሴ አነሳዋለሁ፤ ባንኮኒው ላይም ትንፍሽ ሳልል እቀመጣለሁ።»

ወንድሟ ዝም አለ። ይህ ሰው ዝምታ ያውቅበታል፤ ስንቱን ነጋዴ በዝምታ አሸንፏል። ዝምታውን የሰበረችው ሚስቱ ናት፤ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ጨርቁን ከኔ ድርሻ ቁጠረው። አንድ ቀን ምን ያደርግሃል?» አለችው። እሱም ስልኩን አነሳና፣ መራራ መድኃኒት እንደሚውጥ ሰው ፊቱን አጨማዶ፣ አምበሏን በምሳ ሰዓት እንድትመጣ ለመናት። ከዚያ ወደ እህቱ ዞሮ «አንድ። ሲያቅትሽ ግን እንዳታለቅሺብኝ» አላት።

ባለፈው ሳምንት አምበሏ ስትመጣ አባ መቀስ ልኳን የወሰዱት አጋድመው ነው። አትሳቁ! እሳቸው የተማሩት እንደዚያ ነው፤ ሰው ቀጥ ካላለ ልኩ አይታመንም። ይህቺ ደግሞ መቆም አትችልም። ስለዚህ ሁለት ሴቶች ደግፈው መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ አስተኟት፤ አባ መቀስም ሜትራቸውን ዘርግተው እንደ ጣቃ ጨርቅ ለኳት። እሷ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች «አባባ፣ ብርድ ልብስ ነው እንዴ የምትሰፉልኝ?» ብላ ሁሉንም አስቃ ነበር የሄደችው። ቀመር አሁን ያንን ልክ አንድ በአንድ ፋይሉ ውስጥ አስገባች። ጃኬቱ ወዲያው ወጣ፤ ቀኝ ትከሻዋ ከግራው ሰፋ ያለ ስለሆነ ቀኙና ግራው እጅጌ የተለያየ ሆኖ ወጣ፣ እንዲህ ነው የሚባለው! ሱሪው ጋ ስትደርስ ግን ላይብረሪዋ ቀጥ አለች። ስክሪኑ ላይ፣ ቀመር ራሷ በአማርኛ የጻፈችላት ማስጠንቀቂያ ወጣ፦ «ፊት ኋላን ይጠብቃል። ኋላ ፊትን ይጠብቃል። አንዱን ንገሪኝ።»

ስህተቱ የራሷ ነው። ሱሪ ከፊት ወገብ ተነስቶ በእግር መሃል ዞሮ እስከ ኋላ ወገብ የሚሄድ አንድ ዙሪያ አለው። አባ መቀስ ዙሪያውን ለክተዋል፤ ከዚያ ውስጥ ምን ያህሉ የፊት፣ ምን ያህሉ የኋላ እንደሆነ ግን አልለኩም። ለቆመ ሰው መለካት አያስፈልግማ፤ ኋላው ከፊቱ በአራት ጣት ይበልጣል ተብሎ ያልቃል። ቀመር ለተቀመጠ ሰው ይህ እንደማይሆን ስለገባት አራቱን ጣት አጥፍታ፣ ለጊዜው ብላ፣ ፊትን ከዙሪያው ላይ ኋላ ተቀንሶ፣ ኋላን ደግሞ ከዙሪያው ላይ ፊት ተቀንሶ ብላ ጽፋ ትታው ኖሯል። አሁን ሁለቱ ተፋጠጡ። አንተ ቅደም፣ አንቺ ቅደሚ እየተባባሉ ቀኑን ሙሉ ቢቆሙ አንዳቸውም ቁጥር አይሆኑም። ቀመር ይህን አይታ ብቻዋን ፈገግ አለች፤ እሷና ወንድሟም ከእራቱ ጀምሮ እንደዚሁ ናቸው። ግን የግድግዳው ሰዓት ይሮጣል፣ ወንድሟም ከጠረጴዛው ኋላ አንገቱን እያሰገገ ያያታል። እጇ ቸኮለ። ያጠፋችውን አራት ጣት መልሳ ጻፈችው። ላይብረሪዋም ምንም አላለችም፤ ቁጥር ስጡኝ አለች፣ ተሰጣት፣ ሱሪውን አስልታ አወጣች። ቁጥሩ እውነት ይሁን አይሁን የምታውቅበት መንገድ የላትም።

አባ መቀስ ቆረጡ፣ የወንድሟ ሚስት ሰፋች። አምበሏ በምሳ ሰዓት ከች አለች። የበሩ ደፍ ከፍ ስለሚል ሳንቃ አነጠፉላት፤ እሷም አንድ ጊዜ ጎማዋን ገፋ አድርጋ መሃል ወለል ላይ ተገኘች። ትከሻዋ ሰፊ፣ ምላሷ ስል የሆነች ሴት ናት። «ዛሬስ አታጋድሙኝም?» እያለች ከመጋረጃው ኋላ ከወንድሟ ሚስት ጋር ገባች። ስትወጣ ጃኬቱ ልክክ ብሏል። ሱሪው ግን፣ ወይ ጉድ! ፊቱ ሆዷ ላይ ተሰብስቦ ተቆልሏል፣ ኋላው ወገቧን ትቶ ወርዷል። ገና ወደ ፊት ጎንበስ ስትል እጇን ወደ ኋላ ልካ ጃኬቱን ጎተት አደረገች። ቀመር ያቺን እጅ አየች። ሴትየዋ ዕድሜዋን ሙሉ ጃኬቷን እየጎተተች እንደኖረች ያስታውቃል፤ እጇ ለምዶታል።

ወንድሟ አላልኩሽም አላለም። ቢላት ይሻል ነበር። ተነስቶ ሄደና ከጠረጴዛዋ ጠርዝ ላይ አንድ የክር ካርቶን አንስቶ ወደ መደርደሪያው ወሰደ። ከዚያ ተመልሶ ሁለተኛውን አነሳ። ቦታ እየለቀቀ ነው። ቀመር፣ እንዳታለቅሺብኝ ያላት ትዝ ሲላት ጥርሷን ነከሰች።

«ቆይ፣ ቆይ» አለች አምበሏ ዙሪያዋን አይታ፤ «ሰው ሳይሞት ለቅሶ ምንድን ነው? ጃኬቱ እኮ አንደኛ ነው! ቀኝ ትከሻዬ ከግራው እንደሚሰፋ ልብስ አስታውሶልኝ አያውቅም። ያስቸገራችሁ ሱሪው ነው። እሱም ቢሆን ተኝቼ ብጫወት ልኬ ነበር።»

ቀመር ወደ ስክሪኗ ሮጠች። አንዱን ንገሪኝ ብላት ነበር እኮ! ላይብረሪዋ ሥራዋን ሠርታለች፤ የማታውቀውን አላውቅም ብላለች። አፏን በውሸት ቁጥር የዘጋችው እሷ ናት። አራት ጣት የቆመ ሰው ነው፣ ዙሪያው የተጋደመ ሰው ነው፣ ሱሪውን የሚለብሰው ደግሞ የተቀመጠ ሰው። ሦስት የተለያየ ሰው አንድ ሱሪ ውስጥ ከታ ነበር። ዙሪያውን አጠፋችው። በፊትና በኋላ አጠገብ ያሉትን ሁለቱንም ስሌቶች ደመሰሰች። በዙሪያው ቦታ አዲስ ስሌት ጻፈች፦ ፊት ሲደመር ኋላ። ሁለቱ ባዶ ቦታዎች ከሰው ገላ የሚመጣ ቁጥር ይጠብቃሉ።

«ጋሼ» አለች ሳትዞር፤ «ሜትርህን አምጣ።»

ሦስተኛውን ካርቶን እንደያዘ ቆመ። «አባ መቀስ አሉልሽ አይደል» አለ።

«እኔን ተወኝ» አሉ አባ መቀስ፤ «እኔ ሰው አጋድሜ ነው የማውቀው። ጉልበቴም አልታጠፍ ብሏል።»

ይህ ሰው ስፌት ቤቱ ሳይሰፋ፣ ስልክና ሰፊ ጠረጴዛ ሳይዘው በፊት፣ በልክ አወሳሰድ የሚታወቅ ነበር። ሰው ሲለካ ሜትሩን አያጠብቅም፣ አያላላም። ልክ መውሰድ ከተወ ግን ቆይቷል፤ ሜትሩ በመሳቢያው ጥግ ተጠቅልሎ ነው የተገኘው። አንገቱ ላይ አንጠለጠለው፣ ወደ አምበሏ ሄደ፣ የራሱን ሱሪ ከአቧራ ለማዳን ቆሞ ጎንበስ ቢል አልሆነለትም፤ ስለዚህ ዊልቸሩ አጠገብ ተንበረከከ። የስፌት ቤቱ ሴቶች በሙሉ ዓይናቸውን እዚያ ተከሉ።

«እህቴ፣ ኳስ ስትይዢ እንደምትሆኚው ሁኚልኝ» አላት።

ወደ ፊት አዘነበለች፣ ጎማዎቹን ጨበጠች፣ ጀርባዋ ለጠጥ አለ። ከኋላ ወገቧ ጀምሮ ለካ። ቁጥሩን አየ። አላመነም፤ እንደገና ለካ። ከዚያ የፊቱን ለካ። ልዩነቱ አራት ጣት ሳይሆን ስንዝር አልፎ ሄዷል። ሜትሩን እንደያዘ ትንሽ ዝም አለና፣ ይህኛው ዝምታ እንኳ ነጋዴ የሚያሸንፍበት አልነበረም፣ «ጠዋት ላልኩሽ ነገር ይቅርታ አድርጊልኝ» አላት።

«ለየትኛው? እጠፉት ላልከው ነው ወይስ ማን ያየዋል ላልከው?»

«ለሁለቱም።»

«እንግዲያው ጉልበቴንም ለካው፤ እሱም ታጥፎ ነው የሚውለው» አለች። ሳቀ። ቀመር ወንድሟ ሲስቅ ከሰማች ስንት ጊዜዋ!

«ኋላ» አለና ቁጥሩን ጠራ። «ያዝኩ» አለች። «ፊት።» «ያዝኩ።» «ጉልበት፣ ከላይ በኩል። ከሥር በኩል።» «ያዝኩ፣ ቀጥል።» ከትናንት እራት ጀምሮ የተኮራረፉት ወንድምና እህት በቁጥር ይነጋገራሉ፤ እሱ መሬት ላይ ተንበርክኮ፣ እሷ ጥጓ ውስጥ። የመጨረሻውን ቁጥር አስገብታ ላይብረሪዋን አስነሳቻት። ማስጠንቀቂያ የለም! ፊት ቁጥር ሆነ፣ ኋላ ቁጥር ሆነ፣ ከነሱ ዙሪያው፣ ከዙሪያው መቀመጫው፣ ከጉልበቱ የእግሩ መታጠፊያ፤ ኪሱ ሳይቀር ከዳሌ ወርዶ እጅ በሚደርስበት ጭን ላይ ተቀመጠ። በፋይሉ ውስጥ አንድ የእኩል ምልክት አልቀረም፤ ሁሉም ቁጥር ሆነ። ሰፊው ማተሚያ እያጓራ ወረቀቱን መትፋት ጀመረ።

አባ መቀስ ወረቀቱን ገልብጠው ገላብጠው አዩት። «ይህ ሱሪ ነው? ኋላው ፊቱን ሊውጥ የመጣ ነው የሚመስለው» አሉ። ቢሆንም ቆረጡ። የወንድሟ ሚስት ለማንም አልሰጥም ብላ ራሷ ሰፋችው። ፀሐይዋ በመስኮቱ በኩል የቀመር ጠረጴዛ ላይ ስታርፍ አምበሏ ከመጋረጃው ኋላ ብቅ አለች።

ሁሉም ዓይኑን ሱሪው ላይ ጣለ። ፊቱ ለጥ ብሏል፣ ኋላው ወገቧን ይዟል። ወደ ፊት አዘነበለች፤ አልወረደም። ዊልቸሯን በአንድ እጇ አሽከረከረችው፤ አልተሰበሰበም። እጇ እንደ ልማዱ ጃኬቱን ሊጎትት ወደ ኋላ ሄደ፣ የሚጎትተው አጣ፣ ባዶውን ተመለሰ። ይህን ጊዜ የአምበሏ ዓይን እንባ አቀረረ። እንባውን አላስወራችውም፤ ከወለሉ ላይ ቁርጥራጭ ጨርቅ ሰብስባ አድበልብላ፣ በወዲያኛው ጫፍ ወዳለው የውዳቂ ጨርቅ ቅርጫት ወረወረችው። ቅርጫቱ ውስጥ ጠብ! ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። አባ መቀስ «እኔ ነኝ የቆረጥኩት!» እያሉ መቀሳቸውን ወደ ላይ አነሱ። የወንድሟ ሚስት ቀመርን አንገቷን አቅፋ እያወዛወዘች «የኔ ጎበዝ፣ የኔ ጎበዝ» ትላለች። ቀመርም አለቀሰች፤ ሲያቅትሽ እንዳታለቅሺ ነው የተባለችው፣ ሲሆንልሽ አልተባለችም።

ወንድሟ አላጨበጨበም። ጉልበቱ ላይ የተጣበቀውን ክር እያራገፈ ሱሪውን ዞሮ ዞሮ ሲያየው ቆየ፤ ከዚያ ያነሳቸውን የክር ካርቶኖች አንድ በአንድ መልሶ ቦታቸው አደረጋቸው። ለአምበሏ «ቅዳሜ ከጨዋታችሁ በፊት አሥሩም ይደርሳል» ብሎ ሳንቃውን ራሱ አነጠፈላት። እህቱን ግን ምንም አላላትም። እራት ላይ ዳቦውን ብቻ ወደሷ ገፋ አደረገ። ቀመር ደስታዋ ሙሉ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር ግን ይቺ አንዲት ነገር ትቆረቁራታለች። ይህ ሰው አሁንም ጨዋታሽ ሊል ነው?

ክፍሏ ገብታ ጫማዋን ስታወልቅ ከግድግዳው ማዶ ስልክ ጮኸ። ማሽኑን የሚያመጡት ሰዎች ናቸው።

«አዎ፣ ነገ ጠዋት አምጡት» አለ ወንድሟ። «መስኮቱ ሥር? የለም፣ የለም! እዚያ ጥግ ሰው ይሠራበታል። እህቴ ናት፤ የልብሱን ስሌት የምታወጣው እሷ ናት። በሩ አጠገብ ነው የምታቆሙት፤ የኔን ጠረጴዛ አውጥቼዋለሁ።» ከወዲያ በኩል አንድ ነገር ተጠየቀ መሰለኝ፣ ሳቅ አለ። «እኔ ደግሞ ምን ጠረጴዛ ያስፈልገኛል? ነገ ዘጠኝ ሰው እለካለሁ፤ የምውለው ተንበርክኬ ነው።»

ስልኩ ተዘጋ። ቀመር አንድ ጫማዋን በእጇ እንደያዘች ቆማለች።

«ጋሼ» አለች በኮምፔንሳቶው በኩል፤ «ሰማሁ።»

«እንድትሰሚ አይደል የጮህኩት» አላት።